መብራት የሄደበት ምድጃ

አባቴ ወለንጪቲ ውስጥ የተቃጠለ የወፍጮ ሞተር ይጠግናል። የማስተርስ ጥናቴ ስለ ምን እንደሆነ ሲጠይቀኝ፣ ኤሌክትሪክ አጠራቅሞ በአንዴ የሚለቅ የሴራሚክ ካፓሲተር እንደምሠራ ነገርኩት። «ካፓሲተርማ እኔም ስቀይር ነው የምውለው፤ ያንቺ ምን ይለየዋል?» አለኝ። ትንሽ ሆኖ ብዙ እንዲይዝ ነው የምፈልገው፣ አልኩት። «በይ እንግዲህ፣ እናያለን» ብሎ ሳቀብኝ።

ብዙ ለመያዝ ከፍ ያለ ቮልቴጅ መቻል አለበት። እኔ ደግሞ አዳማ፣ ዩኒቨርሲቲው ቤተ ሙከራ ውስጥ፣ የሴራሚኩን ዱቄት ፈጭቼ እንደ ኪኒን እጠፈጥፍና ምድጃ አስገባለሁ፤ አውጥቼ ስሞክረው ጧ ብሎ ይበሳል። ወራት እንዲሁ አለፉ። ከውጭ የመጣው ዱቄት አልቆ ለሁለት ዙር የሚበቃ ብቻ ቀረኝ። ሁለቱም ከከሸፉ መመረቄም አብሮ ከሸፈ።

የመጀመሪያውን ዙር ያስገባሁ ቀን፣ ምድጃው የሚፈለገው ሙቀት ላይ እንደደረሰ መብራት ሄደ። እዚህ ያደገ ሰው መብራት ሲሄድ ይቀልዳል እንጂ አያለቅስም፤ እኔ ግን ኮሪደሩ ላይ ቆሜ አለቀስኩ።

ብዙም ሳይቆይ መጣ። ምድጃው በረድ ቢልም ገና ይጋረፋል። ደንቡ እንደገና እዚያው ሙቀት ላይ ማድረስ ነበር፤ እኔ ግን ሳሳሁ። እቤታችን ዳቦ እየተጋገረ መብራት ሄዶ ሲመጣ፣ እንዳያርብን እሳቱን ዝቅ አድርገን ነው የምንጨርሰው። እንደዚያው አደረግሁ፤ ዝቅ አድርጌ ለረጅም ሰዓት አቆየሁት።

ሲበርድ አውጥቼ ሞከርኩት። ቮልቴጁን ቀስ በቀስ ከፍ አደረግሁ። የድሮዎቹ የተበሱበትን አለፈ። ጨመርኩ፤ ዝም። ሽቦው የተነቀለ መስሎኝ አጥፍቼ አየሁት፤ አልተነቀለም። በማይክሮስኮፕ ሳየው ነገሩ ገባኝ፦ ሙቀቱ ቶሎ ስለወረደ የዱቄቱ ቅንጣቶች ሳይፋፉ፣ ዝቅ ብሎ ስለቆየ ደግሞ ጥቅጥቅ ብለው ተጣብቀዋል፤ ኤሌክትሪኩ ሾልኮ የሚወጣበት ክፍተት አላገኘም።

ውጤቱን ያሳየኋቸው አማካሪዬ ግን ፈገግ እንኳን አላሉም። «አጋጣሚ ሊሆን ይችላል። ድገሚውና አሳዪኝ» አሉኝ።

የቀረችኝን ዱቄት አስገባሁ። ሙቀቱ ጫፍ ደረሰ። ያን ቀን ደግሞ፣ እልህ ይዞት ይመስል፣ መብራቱ ንቅንቅ አላለም። ተነስቼ የምድጃውን ማብሪያ ማጥፊያ በገዛ እጄ ዝቅ አደረግሁት። ከዚያ እንደ በፊቱ ጠብቄ፣ መልሼ አብርቼ፣ በዝቅተኛው ሙቀት አቆየሁት።

ሁለተኛውም ቮልቴጁን ቻለ። ከደስታዬ ብዛት የደወልኩት መጀመሪያ ለአባቴ ነው፤ የሆነውን ሁሉ ነገርኩት። «እኛ እዚህ መብራት እንዳይጠፋብን እንለምናለን፣ አንቺ ጭራሽ ራስሽ ታጠፊዋለሽ?» ብሎ እስኪያስለው ሳቀ። ከኋላው የወፍጮ ሞተር ሲነሳ ይሰማኛል።

«በይ እንግዲህ» አለኝ፣ ድምፁ ሰለል ብሎ። «አየን።»