የወረሰ ሁሉ ይሸከም

አባቴ የእህቴን እጮኛ አባት ከገበታ ያስነሣቸው በበግ ምክንያት ነው። ሰውየው የሞጣ ሰው ናቸው። ቢቸና ቤታችን ተጋብዘው ጥብሱን እያጣጣሙ፣ የሞጣ በግ ከዚህ ይሻላል አሉ። አባቴ ብድግ ብሎ ከቤቱ አስወጣቸው። ሠርጉ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው ነገሩ ሁሉ ተበላሸ።

ሽማግሌዎች ገቡበትና፣ እንደ አገሩ ወግ አባቴ ድንጋይ ተሸክሞ ይቅርታ እንዲጠይቅ ፈረዱ። ዕለቱ ደርሶ ሰውየው ግቢያችን መጥተው ወንበር ላይ ተቀመጡ፤ አባቴ ግን ድንጋዩን አላነሣም ብሎ እጁን አጣጥፎ ቆመ። ያን ጊዜ እኔ ዩኒቨርሲቲ ሥነ ሕይወት የምማር፣ ሳልጠየቅ የምናገር ሰው ነበርኩ። ተነሥቼ፣ የአንጎልን ኬሚካል የሚያዝዘው ዘረመል ከሰው ሰው እንደሚለያይ፣ ቁጣም በከፊል ከዚያ እንደሚመጣ፣ ስለዚህ አባቴ ብቻውን ሊወቀስ እንደማይገባ አስረዳሁ። አባቴ በኩራት አየኝ። የመማሬ ጥቅም የታየው ያን ቀን ይመስለኛል።

ዋናው ሽማግሌ ጢማቸውን እየዳበሱ አሰቡበት። «ዘር ከልጓም ይስባል ማለትህ አይደል? ይህንማ እናውቃለን» አሉኝ። ቀጥለውም፣ የወረሰ ሁሉ ይሸከም ብለው ለእኔም ድንጋይ አስመጡ። ደሜ ፈላ። እንግዲያው ቅድመ አያቴም ከመቃብር ወጥተው ይሸከሙ ብዬ ጮኽኩ። ሽማግሌው ጩኸቴን እንደ ማስረጃ ቆጠሩትና ድንጋዬ በትልቅ ተለወጠ።

ሰው ሁሉ ሲስቅ የእህቴ እጮኛ አባት ፊት ግን ጠቆረ። ልጅቱም ይህ ነገር ካለባት ልጄን እሳት ውስጥ ልማግደው ነው ወይ ብለው ጠየቁ። በከፊል ነው እንጂ ሙሉ በሙሉ አይደለም፣ አስተዳደግም አለበት፣ እህቴ ደግሞ ድምፅዋ ተሰምቶ አያውቅም እያልኩ ማልኩ። ድንጋዩን ተሸክሜ የተማርኩትን ሁሉ መልሼ ዋጥኩት። ሰውየው ከወንበራቸው ሲነሡ ሠርጉ ቀረ ብዬ ቆረጥኩ።

እህቴ ጠላ ልትቀዳ ቆማ ትሰማ ነበር። ጆጉን አስቀምጣ ወደ እኛ መጣች።

«እኔም አለኝ» አለች ቀስ ብላ። «እዚህ ቤት ተራ ደርሶኝ አያውቅም እንጂ።»

ጎንበስ ብላ የአባቴን ድንጋይ ጫንቃዋ ላይ አነሣችና ሰውየው ፊት ቆመች። አባቴ ድንጋዩን ተቀብሏት ራሱ ተሸከመው፤ ያጎነበሰው ግን ወደ እሷ ነበር።

የሞጣው ሰውዬ መልሰው ተቀምጠው፣ ይቅርታ እስኪጠየቁ ተራቸውን ጠበቁ።