የአንድ አቡነ ዘበሰማያት ቡና

ማሽን አሸንፎኝ አያውቅም። ወረታ ላይ የሩዝ መፈልፈያ ሲቆም፣ ከባሕር ዳር ባለሙያ ከመጥራታቸው በፊት እኔን ይጠሩኛል። ማንም አላስተማረኝም። የመጀመሪያውን የውሃ መሳቢያ ሞተር የፈታሁት ባለቤቱ ይፋግ ገበያ በሄደበት ቀን ነው፤ ሲመለስ ገጥሜው ውሃ ሲስብ አገኘው። ሊቆጣ አፉን ከፍቶ ነበር፣ መርቆኝ ዘጋው። ከዚያ ወዲህ በፎገራ ሜዳ ላይ እጄ ያልነካው ሞተር ጥቂት ነው።

ይህን የምጽፈው ለመመካት ብቻ አይደለም። ቁመቷ ከክንድ የማይበልጥ የቡና ማሽን እንዴት ግራ እንዳጋባችኝ ለመናገር፣ ግራ ያጋባችው ማንን እንደሆነ መጀመሪያ መታወቅ ስላለበት ነው።

ነገሩ የመጣው ከየኔታ ነው። የኔታ በቁሐር ሚካኤል ደብር ፊደል ያስቆጠሩኝ መምህር ናቸው፤ ዛሬ ዘጠና ደፍነዋል። ዕድሜያቸውን ሙሉ ቡና የማይቀምሱ ሰው ነበሩ። አምና ግን የዓይን ሞራ ሊያስገፍፉ ባሕር ዳር ሄዱና፣ ከሕክምናው ሲወጡ የወንድማቸው ልጅ አንድ ቡና ቤት አስገብቶ በማሽን የተቀዳ ጥቁር ቡና አጠጣቸው። ያን ጊዜ አንዱ ዓይናቸው በፋሻ ታስሯል፣ ሌላው ገና ተራው አልደረሰም። ከዚያ ወዲህ ሁለቱም ዓይኖቻቸው በርተው እንኳ፣ ባገኙኝ ቁጥር ያችኑ ስኒ ያነሳሉ።

«ጣዕሟን አውቃታለሁ፤ መልኳን ግን አላየሁም» ይሉኛል። «ከላይዋ የማር ቀለም ያለው አረፋ ተኝቶባታል አለኝ ልጁ። እኔ በምን ዓይኔ ልየው?»

መስከረም ላይ ደግሞ ቁርጡን ነገሩኝ። የኅዳር ሚካኤልን አክብረው በማግስቱ ሐይቁ ላይ ካሉት ገዳማት ወደ አንዱ ሊገቡ ነው። ከገቡ አይመለሱም፤ እዚያ ደግሞ ቡና የለም።

እኔ አፌ አያርፍም። «የኔታ፣ ሲሄዱ በወረታ ነው የሚያልፉት። ያችን ቡና ከነአረፋዋ ከእኔ ቤት አይተዋት፣ ጠጥተዋት ይሄዳሉ» አልኳቸው።

«ቡና ቤት ከፈትህ እንዴ?»

«ማሽን አይደል የኔታ? ማሽን ከሆነ የእኔ ነው።»

«እንግዲህ ቃል ነው» አሉና እጄን ጠበቅ አደረጉት።

ባሕር ዳር ያለችው ልጄ አቅሟ የፈቀደውን፣ ከሁሉ ርካሹን ገዝታ ከነመፍጫው በሚኒባስ ላከችልኝ። አብሮ የመጣው ጽሑፍ እንግሊዝኛና ቻይንኛ ስለሆነ በስልክ ተረጎመችልኝ። ቡናው ይደቅቃል፤ እጀታ ባላት የብረት ወንፊት ውስጥ ተጠቅጥቆ ይገጠማል፤ ቁልፉ ሲጫን ማሽኗ ትኩስ ውሃ በግፊት ታሳልፍበታለች፤ ከሃያ አምስት እስከ ሠላሳ ሰኮንድ ባለው ውስጥ ቁልፉ ይጠፋል።

«በቃ?» አልኳት።

«በቃ አባዬ። ግን ሰኮንዱ ላይ ተጠንቀቅ።»

ሰዓት እያየሁ አልሠራም፤ ማሽን በሚሠራበት ሰዓት ዓይን ከማሽኑ ላይ አይነሳም። አንድ አቡነ ዘበሰማያት መቼም ግማሽ ደቂቃ ይሆናል ብዬ ቆረጥኩና፣ በልቤ እሱን እየደገምኩ «አሜን» ላይ ቁልፉን ማጥፋት ጀመርኩ። ይህን ዘዴ ከማንም አልወሰድኩም፤ የራሴ ነው።

ባለቤቴ በየጠዋቱ ቡና አጥባ ትቆላልኛለች። ትናንት የተቆላ ቡና ለእንግዳ ማቅረብ በእኛ አገር ነውር ነው፤ እንግዳው ሲቆላ ካላየው፣ ሲንጣጣ ካልሰማው፣ አልተከበረም። እኔም ከምጣዱ እንደወረደ፣ ገና ትኩሳቱ ሳይወጣ፣ ፈጭቼ እሞላዋለሁ። ማሽኗ ግን እንደ ተቆጣች ድመት እፍፍ ትልና ስኒው ላይ ትተፋዋለች። አረፋው እንደ ፎገራ ላም ጥቁርና ነጭ ጉራማይሌ ሆኖ ይመጣል፤ ዓይኔን ሳርገበግብ የለም። ጣዕሙ ኮምጣጣ ነው።

አድቅቄ ፈጨሁ፤ ማሽኗ አቃሰተች እንጂ ጠብ የሚል ጠፋ። አሻክሬ ፈጨሁ፤ በክረምት እንደ ጉማራ ወንዝ ወረደ። በአረቄ መለኪያ ቂጥ ጠቀጠቅኩት፤ ጠረጴዛው ተንቀጠቀጠ፣ ቡናው ያው ነው። ስኒውን አሞቅኩ። ወንፊቱን በመርፌ አጸዳሁ። በመጨረሻ ጥፋቱ የቧንቧው ውሃ ነው ብዬ ከወንዛዬ ፍል ውሃ በጀሪካን አስመጣሁ።

ባለቤቴ ጀሪካኑን ከፍታ አሸተተችው። «ቡናው ወገቡን አሞታል እንዴ? ካመመውማ እዚያው ወስደህ አጥበው።»

ማሽን ሲበላሽ ቦታው ይታወቀኛል፤ ጆሮዬን ሳስጠጋ ይነግረኛል። ይቺ ግን አልተበላሸችም። ሁሉም ነገሯ ይሠራል፣ የምትሰጠው ግን ሌላ ነው። ፈትቼ ገጠምኳት፣ የተረፈ ብሎን የለም። የማላውቀው ነገር ምን እንደሆነ እንኳ ማወቅ አቃተኝ። እንዲህ ያለ ነገር ደርሶብኝ አያውቅም። ቀኑ ደግሞ ይሮጣል፤ ሩዙ ታጨደ፣ መፈልፈያዎቹ ቀን ሙሉ ይጮኻሉ፣ ሚካኤል ደረሰ።

በማግስቱ ጠዋት የኔታ በባጃጅ መጡ። ዕቃቸው አንድ አጎዛና አንድ የመጻሕፍት ጥቅል ነው። የወንድማቸው ልጅ መናኸሪያ ሄዶ ወንበር ሊይዝላቸው እኛ ዘንድ አስቀመጣቸው። ባለቤቴ ፊታቸው ቆላች፣ እኔ ፈጨሁ፣ ጠቀጠቅኩ፣ በልቤ ደግሜ አጠፋሁ።

የኔታ ወደ ስኒው ጎንበስ አሉ። «አረፋው ይህ ነው?»

«ነበር፣ የኔታ።»

«ቸኩሎ ሄደ።» ቀመሱትና ስኒውን በዝግታ አስቀመጡት። «እግዚአብሔር ይስጥልኝ ልጄ። ይቺ ግን ያቺ አይደለችም።»

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። ሌላ ስኒ ደግሜ ብሠራ ያው እንደሚመጣ አውቃለሁ። 

ባለቤቴ ናት የተናገረችው። «የኔታ፣ ባሕር ዳር ቡናውን ፊትዎ ነው የቆሉልዎ?»

«የለም። የሚቆላ አልሸተተኝም። ከከረጢት ሲፈስ ግን ሰምቻለሁ፤ እንደ ሽንብራ ኮሽ ኮሽ እያለ።»

ወደ ጓዳ ገብታ አንድ የወተት ዱቄት ቆርቆሮ ይዛ መጣች። ለካ በየጠዋቱ ከምትቆላው የተረፈውን ለቤት ሰው ይሆናል ብላ ስታጠራቅም ኖሯል።

«ለየኔታ የከረመ ቡና?» አልኩ። «ሰው ምን ይለናል?»

«አንተ ሰውዬ፣ ለገበሬው ሁሉ ‘ትናንት ያጨድከውን ሩዝ ዛሬ አታምጣብኝ፣ ይሰበራል፣ ይረፍ’ እያልህ አይደል የምትጮኸው? ቡናውስ ማረፍ አይወድም?»

ቆርቆሮውን ተቀበልኳት። ሳልነግራቸው ማቅረብ ግን አልሆንልህ አለኝ። «የኔታ፣ ይህ ከተቆላ ሳምንት አልፎታል። ነውር ነው። ልሞክረው?»

«እኔ ዘጠና ዓመቴ ነው» አሉ። «የከረመ ነገር አልንቅም።»

ፈጨሁት፣ ገጠምኩት። ቁልፉን ልጫን ስል ከንፈሬ ሲንቀሳቀስ አዩኝ።

«ምን ታጉረመርማለህ?»

«ሰኮንዱን በአቡነ ዘበሰማያት ነው የምቆጥረው፣ የኔታ።»

«እስቲ ልስማህ።»

በስልሳ ስምንት ዓመቴ እንደ ተማሪ ቆሜ አልኩት። ገና «አሜን» ሳልል ራሳቸውን ነቀነቁ። «ዛሬም ትጋልባለህ። ያኔም ትጋልብ ነበር። አንተ ቁልፉን ያዝ፣ እኔ ልበለው።»

ጫንኩ። የኔታ ጀመሩ፤ ቃሉን አንድ አንድ እያነሱ፣ ከየሐረጉ በኋላ ትንፋሽ እየሰበሰቡ። ቡናው መጀመሪያ አልመጣም፤ ከዚያ ከማንኪያ እንደሚወርድ ማር ቀጥኖ መጣ። እኔ ልጨርስ በምችልበት ጊዜ እሳቸው «ሲሳየነ ዘለለ ዕለትነ» ላይ ነበሩ። ጣቴ ቁልፉ ላይ ይበላኛል፤ ግን የመምህርን ጸሎት ማን ያቋርጣል? «ለዓለመ ዓለም፣ አሜን» ሲሉ አጠፋሁ።

አረፋው ተኝቷል። ቀለሙ ማር ነው፣ አልሸሸም።

ከደጅ የወንድማቸው ልጅ «የኔታ፣ መኪናው ሊሞላ ነው!» ብሎ ተጣራ። የኔታ ግን ስኒዋን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዙረው፣ አንዴ በአንዱ ዓይን፣ አንዴ በሌላው አዩዋት።

«ለካ እንዲህ ነሽ» አሏት።

ከዚያ ጠጧት። በሦስት ጉንጭ። «ናት» አሉ።

ጥቅላቸውን ተሸክሜ እስከ ደጅ ሸኘኋቸው። መስቀላቸውን ካሳለሙኝ በኋላ፣ «ማንም አላስተማረኝም እያልህ ታወራለህ አሉ» አሉኝ።

«ሞተሩን ነው፣ የኔታ። ሞተሩን።»

«እህ» አሉና ሄዱ።

እኔ ግን አሁንም ግራ እንደገባኝ ነው። አንድ ማሽን ሲታመም ሁለት ብሎን ባንድ ጊዜ አይነካም፤ የትኛው እንዳዳነው አይታወቅምና። ይህን ለስንቱ ተናግሬያለሁ። ያን ጠዋት ግን ቡናውም ተለወጠ፣ ጸሎቱም ተለወጠ፤ የትኛው እንደሠራው አላውቅም። ያረፈውን ቡና በራሴ ግልቢያ ስቆጥረው ይኮመጥጣል። ትኩሱን ረጋ ብዬ ስቆጥረው ጉራማይሌው ይመለሳል። ያረፈውን ረጋ ብዬ ስቆጥረው ደግሞ ይመጣል፣ ያማረ ነው፣ ጎረቤት ሁሉ ይመሰክራል፤ ያቺን ግን አይሆንም።

የጎደለው ትንፋሹ ይመስለኛል። «ሲሳየነ ዘለለ ዕለትነ ሀበነ ዮም» ካሉ በኋላ አንድ ቦታ ላይ የኔታ ቆም ብለው ነበር፤ ምን ያህል እንደቆሙ ለማስታወስ በየጠዋቱ ቁልፉን ይዤ እሞክራለሁ። እዚያ ስደርስ ጣቴ ይቸኩላል።