የመርከበኛው የእርቅ ወረቀት

ትናንት ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ... ገና ኮምፒውተሬን ሳልከፍት አንድ ሽማግሌና ክራንች የያዘ ወጣት የቢሮዬ በር ላይ ቆሙ።

ወሎ ሰፈር፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ጠባብ የትርጉም ቢሮ አለችኝ። የልደት፣ የጋብቻ፣ የትምህርት ማስረጃ እተረጉማለሁ። ሊፍቱ ከተበላሸ ከርሟል። ልጁ ያን ሁሉ ደረጃ በአንድ እግሩ እንደወጣው ሳስብ የሕንፃውን ባለቤት በሆዴ ረገምኩት።

ሽማግሌው አባባ ታደሰ ይባላሉ፤ ከላምበረት ነው የመጡት። ልጃቸው ቢኒያም መርከበኛ ነው... ነበር ልበል። በውጭ ሰዎች የጭነት መርከብ ላይ ሲሠራ፣ መርከቡ ወደብ ላይ የሚታሰርበት ወፍራም ገመድ ተበጥሶ ጉልበቱን መታው። እዚያው ባሉበት አገር አንዴ ቀዶ ጥገና አደረጉለትና አውሮፕላን ላይ ጭነው ላኩት። አሁን ሐኪሞቹ ሌላ ቀዶ ጥገና ካልተደረገለት ጉልበቱ እንደማይታጠፍ ነግረውታል። ያ ደግሞ እዚህ አይሠራም።

አባባ የሥራ ውሉን ተርጉሚልን አሉኝ። ቢኒያም እንግሊዝኛውን ያውቃል፤ እሳቸው ግን በገዛ ዓይናቸው በአማርኛ ማየት ፈልገዋል።

እኔ ደግሞ አንዳንዴ ምላሴ ይቀድመኛል። ገጾቹን ሳገላብጥ ስለ ጉዳት የሚናገረው አንቀጽ ላይ ደረስኩ። ሠራተኛው ሥራ ላይ እያለ ከተጎዳ ቀጣሪው እስኪድን ድረስ ያሳክመዋል፤ ካልዳነም እንደ ጉዳቱ መጠን ይክሰዋል ይላል። ደስታዬን መደበቅ አልቻልኩም። «አባባ፣ ይሄ እኮ ልመና አይደለም። መብቱ ነው» አልኳቸው፣ ልክ ዳኛዋ እኔ እንደሆንኩ ሁሉ።

ቢኒያም ፊት ላይ ግን ምንም አልታየም። ወለሉን ያያል። ደረጃው ነው ያደከመው ብዬ አለፍኩት።

አባባ ግን ፊታቸው በራ። ከኮታቸው የውስጥ ኪስ በፕላስቲክ የተጠቀለለ ወረቀት አወጡ። «እንግዲያው ይቺንም ወደ እንግሊዝኛ ገልብጫትና ከውሉ ጋር ለባለመርከቦቹ እንላክላቸው። ሰላማዊ ሰዎች መሆናችንን ይወቁ» አሉኝ።

ወረቀቷ በአማርኛ ነው የተጻፈችው። ከላይ «የእርቅ ስምምነት» ይላል።

ታሪኩን እየኮሩ ነገሩኝ። ልጁን የቀጠረው ወኪል ቢሮው ቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ ነው። ስልክ አላነሳ ሲላቸው ብዙ ሰው ክሰሱት ብሏቸው ነበር። ለአባባ ግን እንጀራ የሰጠን ሰው መክሰስ ነውር ነው። ስለዚህ ከሰፈራቸው ሦስት ሽማግሌዎች መርጠው፣ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ቢኒያምንም ይዘው ቢሮው ድረስ ሄዱ። ወኪሉ ብድግ ብሎ ጉልበታቸውን ስሞ ተቀበላቸው። ለስላሳ አዘዘ። ጥፋቱ የኔ ነው አለ። ለመድኃኒት የምትሆን ትንሽ ብርም ሰጠ። ከዚያ ለወጉ ያህል ብሎ አንድ ወረቀት ከመሳቢያው አወጣ... አስቀድሞ የተተየበ።

አነበብኩት። ቢኒያም ለደረሰበት ጉዳት ከወኪሉም፣ ከቀጣሪውም፣ ከመርከቡ ባለቤትም ከእንግዲህ ሕክምናም ሆነ ካሳ ላይጠይቅ ተስማምቷል። ከሥር ፊርማው አለ። የመጀመሪያው ምስክር አባቱ ናቸው።

«አባባ፣ ይህን አንብበውታል?» አልኳቸው።

«እንዴታ! የታረቀ ሰው ጥያቄ አለኝ ይላል እንዴ ልጄ? ቂም የለንም ማለት ነው እኮ። አሁንማ ወኪሉ ቤተሰብ ሆኗል፤ ተሯሩጦ የሚያሳክመው እሱ ነው።»

አፌን ልከፍት ስል ቢኒያም ሽንት ቤቱን አሳዪኝ ብሎ ተነሳ። ተከትዬው ወጣሁ። ኮሪደሩ ላይ ቆመና ገብቶኛል አለኝ። ሲፈርምም ገብቶት ነበር። ሦስት ሽማግሌ ከአባቱ ጋር ተደርድሮ እያየው እምቢ ቢል አባቱ ነገ በሰፈሩ ሰው ፊት እንዴት ቀና ብለው ይሄዳሉ? ፈረመ።

ተናደድኩ። በወኪሉም፣ በአባባም፣ በዚህ ልጅ ይሉኝታም። እዚያው ቆሜ ለማውቀው ጠበቃ ደወልኩና ቢኒያምም እንዲሰማ ስልኩን በመሃላችን ይዤ ሁሉንም ነገርኩት።

«ከባድ ነው» አለ ጠበቃው። «እኔ የሚታየኝ መንገድ ተገድዶ ነው የፈረመው ብሎ መከራከር ነው። ማን ነው ያስገደደው?»

ሁለታችንም ወደ ቢሮዬ በር ዞርን። አባባ በበሩ ክፍተት ይታያሉ፤ ክራንቹ ያረፈበትን ወንበር በመሐረባቸው እየጠረጉ ነበር።

ቢኒያም እጁን ዘርግቶ ስልኬን ዘጋው። «አባዬ ዳኛ ፊት ቆመው የልጄን እግር ያጠፋሁት እኔ ነኝ እንዲሉ አላደርግም» አለኝ። «እባክሽ እህቴ፣ አንቺም አትንገሪያቸው።»

ሌላ መንገድ ይኖር ይሆናል ብዬ ለመንኩት። ሌላ ጠበቃ እንጠይቅ አልኩት። ራሱን በእምቢታ ነቀነቀ። ዕድሜው የታናሽ ወንድሜ ዕድሜ ነው። ማልቀስ አማረኝ፣ ግን የሱን እንባ ሳላይ የኔን ማሳየት አፈርኩ።

ስንመለስ አባባ «እንዴት ነው፣ ወኪሉ ጥሩ አድርጎ ጽፎታል?» አሉኝ።

«ጥሩ አድርጎ ነው የጻፈው አባባ» አልኳቸው። ውሸት አልነበረም፤ አንዲት መውጫ ቀዳዳ አልተወም።

መረቁኝ። የውሉ ትርጉም ይቆይ፣ የእርቁን ግን አስቀድሚልን አሉ። ከዚያ ልጃቸውን በትከሻቸው ደግፈው ደረጃውን ወረዱ።

ዛሬ ከሰዓት ሊወስዱት ይመጣሉ። በገዛ እጃቸው ለባለመርከቦቹ ሊልኩት። ትርጉሙ ከጠዋት ጀምሮ አልቋል... ከሥሩ «ትክክለኛ ትርጉም ነው» የሚለውን ማኅተም መምታት ነው ያቃተኝ።