ለነጂው ወይስ ለኋለኛው

ሙዘይን አሊ የወፍጮ መካኒክ ነበር። ቤቱ ከሐይቅ ከተማ ወጣ ብሎ ወደ አርዲቦ በሚወስደው መንገድ ዳር ነው። ከዚያ ጀምሮ እስከ አምባሰል ገጠሮች ድረስ የገበሬ ማኅበራቱ ወፍጮ ሲቆም የሚጠራው እሱ ነው። ወፍጮ የሚታመመው ደግሞ ሁልጊዜ የገበያ ዋዜማ ነው። ሴቶቹ እህላቸውን አዝለው መጥተው ሰልፍ ከያዙ በኋላ የመዘውሩ ኩሽኔት ይበላል፣ ወይም ሞተሩ ጥቁር ጢስ ሲተፋ ቆይቶ ጸጥ ይላል። ያን ጊዜ መልክተኛ ይሮጣል፤ ሙዘይንም የመፍቻ ሣጥኑን የቤንዚን ታንኩ ላይ አስሮ በሞተር ሳይክሉ ይነሣል።

ሣጥኑን ለምን ከፊት እንደሚያስር ሰው ሁሉ ያውቃል። ከኋላ ያለው ቦታ የመንገደኛ ነው። ሞተር ሳይክሏን ከወባ መሥሪያ ቤት በሐራጅ ከገዛ ጀምሮ የኋላውን ወንበር ባዶ አድርጎ ከገጠር ተመልሶ አያውቅም። ደመወዙን ሊቀበል የሚወርድ አስተማሪ፣ ዓይኑን የታመመ የመስጊድ ተማሪ ደረሳ፣ ከእስጢፋኖስ ገዳም ወጥቶ ወደ ዘመዶቹ የሚሄድ ዲያቆን፣ ዶሮዋን በብብቷ ያቀፈች አሮጊት፣ እጁን ያነሣ ሁሉ ይፈናጠጣል። ገንዘብ አይቀበልም። ምርቃት ግን ይቀበላል፤ በምርቃት ቢሆን ኖሮ ሙዘይን ባለ ፎቅ በሆነ።

በ1980 ዓመተ ምሕረት ዕድሜው ሃምሳ ሁለት ሆኖት ነበር፣ ደክሞትም ነበር። እንቅልፍ የማያድነው ድካም ነው። ቤንዚን በኩፖን ነው፤ ኩፖኑ ቢገኝ ቤንዚኑ የለም፣ ቤንዚኑ ሲመጣ ኩፖኑ ጊዜው አልፏል። ከወፍጮ ሲመለስ የቀበሌ ስብሰባ ይጠብቀዋል። በሥራው ሊተካው ይገባ የነበረው ልጁ አብደላ ለብሔራዊ ውትድርና ተጠርቶ ከሄደ ሁለት ክረምት አልፏል። ደብዳቤው አንድ ጊዜ መጥቶ ነበር፣ ከየት እንደተጻፈ አይልም።

ከዚህ ሁሉ በላይ ግን የሙዘይንን ጉልበት የጨረሰው የኑርዬ እግር ነው።

ኑርዬ ከአርዲቦ በላይ ያለ ገበሬ ነው፣ ከሙዘይን በዕድሜ ጥቂት ይበልጣል። ከሁለት ዓመት በፊት ወደ ገበያ ሲወርድ ሙዘይን አፈናጠጠው። ዝናብ ያራሰው ቁልቁለት ላይ ጎማው ድንጋይ ረግጦ ሸርተት አለና ሁለቱም ወደቁ። ሙዘይን ክንዱ ተላጠ፤ የኑርዬ ጭን ግን ከሞተሩ ሥር ገብቶ ተሰበረ። ደሴ ሆስፒታል አራት ወር ተኛ። ሽማግሌዎች ተቀምጠው፣ ጥፋት ባይኖርም ሰውየው የተጎዳው ከሙዘይን ጀርባ ተፈናጥጦ ነውና ማሳከሙ የሙዘይን ነው አሉ። ሙዘይን አልተከራከረም። በሬውን ሸጠ፣ ለጣራው የገዛውን ቆርቆሮ ሸጠ፣ ያም አልበቃም። ኑርዬ አንድ እግሩ አጥሮ ወጣ። በተገናኙ ቁጥር ከሩቅ ጀምሮ ሰላምታውን ያዥጎደጉድለታል፣ ስለ ልጁ ይጠይቀዋል፣ ያጽናናዋል። ቢሰድበው ለሙዘይን ይቀለው ነበር።

በዚያ ዓመት ከደሴ የኢንሹራንስ ሠራተኞች መጥተው የኅብረት ሥራ ማኅበሩን ሰበሰቡ። ወፍጮው ቢቃጠል ገንዘቡ ይመለሳል እያሉ አስረዱ። ሙዘይን ከኋላ ተነሥቶ፣ የሰው እግር ቢሰበርስ የሚከፍል ኢንሹራንስ አለ ወይ ብሎ ጠየቀ። ሰው ሳቀ። ከመጡት አንዷ ግን አልሳቀችም፤ አለ፣ ቢሮ ይምጡ አለችው። አሰገደች ትባላለች።

ደሴ ሄዶ ከጠረጴዛዋ ፊት ተቀመጠ። አሰገደች ነገሯን ከፋፍላ አስረዳችው። መንገድ ላይ ሰው ቢገጩ ለተገጨው የሚከፍል አለ፤ ይኼ ርካሽ ነው፣ ይግቡ አለችው። ሌላው ነጂው ራሱ ቢጎዳ ሕክምናውን የሚችል ነው። ሦስተኛው ከኋላ የተፈናጠጠው ሰው ቢጎዳ የሚያሳክም። ሙዘይን ያለውን ነገራት። ደምራ ቀንሳ አየችና ብዕሯን አስቀመጠች።

«ጋሽ ሙዘይን፣ ከነጂውና ከኋለኛው አንዱን ነው የሚችሉት። ብዙ ጊዜ ሰው ያፈናጥጣሉ?»

«ብቻዬን የሄድኩበትን ቀን ብትጠይቂኝ ይሻላል፣ ልጄ» አላት።

እንግዲያው ቤትዎ ይምከሩበት አለችው። መከረም። ሚስቱ ፈዲላ አላመነታችም። አንድ ልጅ ወስደውብኛል፣ አንተ ደግሞ አልጋ ላይ ብትውል ይህን ቤት ማን ይሸከመዋል አለች። የሰውየውን ሆስፒታል ስንከፍል ጣራችን ያው ሣር ሆኖ ቀረ፤ አሁንም ለሰው ልትከፍል ነው? ከራስ በላይ ነፋስ ነው አለችው። ይህን ስትል ፊቷን አዞረች፤ እሷም ቢሆን እንዲህ ያለውን ነገር መናገር አልለመደችም።

የቅሬውን፣ ማለት የመንደሩን ዕድር፣ ዳኛ ባዬንም ጠየቀ። ክርስቲያኑም እስላሙም የሚቀበረው በአንድ ቅሬ ነውና ባዬ የሁሉም ዳኛ ነው። «ብትሞት እንቀብርሃለን» አለው ባዬ። «ብትታመም በቃሬዛ ተሸክመን እናወርድሃለን። የሆስፒታሉን ብር ግን ቅሬው አያውቀውም።»

ሙዘይን ለነጂው የሚለውን መረጠ። ፈርሞ ሲነሣ አሰገደች አንድ ነገር አስታወሰችው፤ ከኋላ ሰው ቢጭኑ ችግር የለውም፣ ያ ሰው ቢጎዳ ግን ወረቀቱ እሱን አያውቀውም አለች። ሙዘይን ይህን እያሰበ ከደሴ ሐይቅ ድረስ ነዳ። ቤቱ ሲደርስ ወስኖ ነበር፤ ከእንግዲህ ሰው አያፈናጥጥም። ሌላ ኑርዬ መሸከም አይችልም። ሣጥኑንም ከታንኩ ፈትቶ ወደ ኋላ አሰረው።

ሰው እንዳይቀየመው በቅሬው ጉባኤ ተናገረ። ኢንሹራንስ ገብቻለሁ፣ ለኔ ብቻ ነው፣ ከኋላ ለሚቀመጥ አይሆንም አለ። ወሬው ግን ከአፍ ወደ አፍ ሲሄድ ሥጋ አበጀ። ሳምንት ሳይሞላው፣ ሙዘይን ሰው ከጫነ መንግሥት ወረቀቱን ይሰርዝበታል የሚል ሆኖ ተመልሶ ሙዘይን ጆሮ ገባ። ሐሰት እንደሆነ ያውቃል። አሰገደች ችግር የለውም ብላው ነበር። ግን ይህ ወሬ ሥራውን አቀለለለት፤ እምቢ ማለት ሳያስፈልገው የሚተዉት ከሆነ ምን አስለፈለፈው? ዝም አለ። አላረመም።

ሰዉም ተወው። የወሎ ሰው እንዴት እንደሚተው የሚያውቅ ያውቀዋል። እጅ አለማንሣት ብቻ አይደለም። የሞተሯን ድምፅ ከሩቅ ሲሰሙ ከመንገድ ወረድ ይላሉ፤ እንዳያፍር ጀርባቸውን ይሰጡታል። አንዷ ሸክሟን አውርዳ መቀነቷን ትፈታለች፣ ሌላው ጫማው ውስጥ ጠጠር የገባ ያህል ጎንበስ ይላል። ሙዘይን መጀመሪያ ተንፈስ አለ። ከዚያ ከወር በኋላ መንገዱ ይረዝምበት ጀመር። ከአምባሰል እስከ ሐይቅ የሚያዋራው ሰው የለም፣ የሚመርቀውም የለም። ፈዲላ ምን ሆነሃል ስትለው ደክሞኛል ይላል። እውነቱን ነው።

አንድ ሐሙስ ቀን ረፋዱ ላይ በደጃፉ ተቀምጦ ካርቡራተሩን ሲያጸዳ ቆየ። ከሰዓት በኋላ ቤንዚን መጥቷል ሲባል ኩፖኑን ይዞ ወደ ከተማ ወረደ። በጤና ጣቢያው ሲያልፍ ግድግዳው ላይ የተደገፈ ቃሬዛ አየ። ከሥሩ የአርዲቦ ሰዎች ተቀምጠዋል፣ እግራቸው እስከ ቁርጭምጭሚት ጭቃ ነው። ከመካከላቸው ኑርዬ አለ፤ ያጠረውን እግሩን ዘርግቶ በሁለት እጁ ያሸዋል።

ሙዘይን ሞተሩን አጥፍቶ ወረደ። ነገሩን የነገረው ከተሸካሚዎቹ አንዱ ነው። የኑርዬ ልጅ ራህማ ምጥ የያዛት ከትናንት ጀምሮ ነው። ጠዋት አዋላጇ እጅ ስትሰጥ በቃሬዛ ይዘዋት ወጡ። አሁን ገብታለች፣ እሷ ተርፋለች። ልጁ ግን ሞቶ ነው የተወለደው።

ሙዘይን ኑርዬ አጠገብ ቁጢጥ አለ። ከአርዲቦ ወደ ሐይቅ የሚወርድ ሁሉ የሚያልፈው በእሱ ደጃፍ ነው፤ እሱ ደግሞ ረፋዱን ሙሉ ከደጃፉ አልተነሣም። ሞተሯን አስነሥቶ ወደ ሐይቅ ቢሮጥ ኖሮ የጤና ጣቢያው መኪና ከመንገድ ሊቀበላቸው ይችል ነበር።

«አያ ኑርዬ፣ በየት አለፋችሁ?» አለው።

«በታች፣ በጅረቱ በኩል» አለ ኑርዬ። «በደጅህ ብናልፍ ታየናለህ። ካየኸን አትቀመጥም፣ አውቅሃለሁ። በኔ ልጅ የተነሣ ወረቀትህ ሊሰረዝብህ ነው? አንድ ጊዜ በኔ እግር የደረሰብህ ይበቃል ብዬ ነው።»

የጅረቱ መንገድ ጭቃ ነው፣ ዙሪያም ነው። ባዶ እጁን ለሚሄድ እንኳ አንድ ሰዓት ይጨምራል። ያን ሁሉ መንገድ ቃሬዛ ይዘው፣ እሱ እንዳይረበሽ። ሙዘይን መዋሸት አቃተው።

«አይሰረዝም» አለ። «ሰው ብጭንም አይሰረዝም። ከመጀመሪያም አይሰረዝም ነበር።»

ኑርዬ እግሩን ማሸቱን ተወ። ፊቱ ላይ ቁጣ አልነበረም፤ ነገሩ አልገባው ያለ ሰው ፊት ነው።

«ታዲያ ምነው ሳትነግረን?» አለው።

በማግስቱ ሕፃኑን ሲቀብሩ አፈር ካለበሱት አንዱ ሙዘይን ነበር፤ ከሰው ሁሉ በኋላም ቆሞ ቀረ። በሳምንቱ ቅሬው ሲሰበሰብ ተነሥቶ ወሬው ሐሰት እንደነበረና እያወቀ ዝም ማለቱን ተናገረ። ማንም ክፉ ቃል አልተናገረውም። ባዬ ብቻ ጉሮሮውን ጠርጎ ወደሚቀጥለው ጉዳይ አለፈ።

ውሉ የሚታደስበት ቀን ሲደርስ ደሴ ወጣ። አሰገደችን፣ የኔን አውጥተሽ የኋለኛውን አስገቢልኝ አላት። እርስዎ ቢሰበሩ ምንም አያገኙም አለችው፤ ሁለት ጊዜ አለችው። እኔ ብሰበር ሰው ይሸከመኛል አላትና ፈረመ። ፈዲላ ይህን ስትሰማ ሦስት ቀን አላናገረችውም። በአራተኛው ቀን ወጡን ስታቀርብለት፣ እንግዲህ ቀስ ብለህ ንዳ አለችው። ከዚያ በኋላ ይህን ነገር አላነሣችም።

መንገደኛው ግን አልተመለሰም። ሰው ከመንገድ መውረድን ለምዶት ነበር፣ ወይም ደግሞ አፍሮለት ነበር። ሙዘይን ራሱ እየቆመ መለመን ጀመረ። እማማ ልሸኝዎት ይላል፤ ግድ የለም ልጄ፣ ቅርብ ነኝ ይሉታል፣ ቦታው የሁለት ሰዓት መንገድ ሆኖ። እንዲህ እያለ ሁለት ወር ሄደ።

አንድ ቀን ጠዋት በሐይቅ በኩል ወደ አምባሰል ሲነሣ ኑርዬን ከፊቱ አየው፤ ምርኩዙን ይዞ ወደ ሐይቅ እየወረደ ነው። ኑርዬ ድምፁን ሰምቶ ከመንገድ ሊወርድ ሲል ሙዘይን ፊቱ ላይ ሄዶ ቆመ። ከደረት ኪሱ ወረቀቱን አወጣ። ኑርዬ ማንበብ አይችልም፣ ቢሆንም ተቀብሎ አየው።

«ለኋለኛው ነው» አለ ሙዘይን። «ለሚፈናጠጠው። ይኼው፣ ማኅተሙ።»

«ለፊተኛውስ?»

ሙዘይን ወረቀቱን ለመቀበል እጁን ዘረጋ።

«ላንተስ እላለሁ?»

«ለኔ የለም። አንዱን ነው የቻልኩት።»

ኑርዬ ወረቀቱን በጥንቃቄ አጥፎ መለሰለት። «እንግዲያ አልወጣም» አለ። «ለሁለታችን የኔ እግር ይበቃል።»

ሙዘይን ለመነው፤ አልሰማውም። ወላሂ ቀስ ብዬ ነው የምነዳው አለው፤ ያን ጊዜም ቀስ ብለህ ነበር አለው ኑርዬ። ሙዘይን ሞተሩን አጠፋ። ወርዶ መሪዋን ይዞ እየገፋ ከጎኑ መሄድ ጀመረ። ኑርዬ ሂድ እንጂ፣ ወፍጮ ይጠብቅሃል ቢለው መግፋቱን አላቆመም። ጥቂት እንደሄዱ የኑርዬ እግር ከበደ፤ ቆመና ምርኩዙን ተደግፎ ሞተሯን አያት፣ ከዚያም ሙዘይንን አየው።

«ሞተሯን ካላስነሣሃት እፈናጠጣለሁ» አለ።

ሙዘይን ሣጥኑን ከኋላ ፈትቶ በገመዱ ትከሻው ላይ አነገተው። ኑርዬ ወጣና ያጠረውን እግሩን አስተካክሎ ተቀመጠ። ሙዘይን ሁለት እጁን መሪው ላይ አድርጎ ደረቱን ሰጠ፤ ላብ ዓይኑ ውስጥ እየገባ፣ ከተማው እስኪታይ ድረስ ገፋው። መንገድ ላይ ያገኙዋቸው ሰዎች ቆመው ያዩዋቸው ነበር፤ ማንም ጀርባውን አልሰጠም። በአምባሰል ያለው ወፍጮ ግን እስከ ከሰዓት በኋላ ቆሞ ዋለ።