ፎርማ ላይ ያነጠፍኩት የእናቴ ነጠላ

ይህ የደረሰብኝ በዘጠናዎቹ መጨረሻ ነው፤ ቀበሌው ያገኘውን ሰው ሁሉ «በጥቃቅን ተደራጅ» የሚልበት ጊዜ። ብዙ ዓመት አለፈው። እኔ ግን ዛሬም ሳሙና በያዝኩ ቁጥር ደሜ ይፈላል።

ያን ዓመት ባለቤቴ ወገቡን ታሞ አልጋ ላይ ዋለ። ደሴ ፒያሳ ጉልት ብሞክርም አልሆነልኝም። ሳሙና መሥራት ያስተማረችኝ ጎረቤቴ ሰዓዳ ናት። ወላሂ፣ ያኔ ከእህቴ ለይቼ አላያትም ነበር። ሙያውን የለመደችው ኮምቦልቻ ተቀጥራ ስትሠራ ነው። አረፋ ባለፈ ማግስት ሞራ ከየጎረቤቱ እንሰበስባለን፤ አቅልጠን፣ አጥልለን፣ ከኮስቲክ ሶዳ ጋር እንበጠብጥና የእንጨት ፎርማ ውስጥ እናፈሰዋለን። እሷም በቤቷ፣ እኔም በቤቴ።

እንጨቱ ባዶውን ከሆነ ሳሙናው ተጣብቆ አልወጣም ይላል። ስለዚህ ፎርማው ውስጥ ጨርቅ ይነጠፋል። እኔ የማነጥፈው የሟች እናቴን ነጠላ ነበር። አርጅቶ ስለሳሳ ለሁለቱ ፎርማዎቼ ቆርጬዋለሁ። እናቴ በሕይወት ሳለች ተቀዶባት በወፍራም ክር እንደ ስንዴ ዛላ አድርጋ ሰፍታዋለች። ያ ስፌት ሳሙናው ፊት ላይ ይታተማል። ሰዓዳ ባየችው ቁጥር እናትሽ ዛሬም ትሰፋለች እያለች ታሾፍብኝ ነበር።

አንድ ቀን ኮምቦልቻ አልጋ ቤት ያላቸው አንድ ሐጂ ለእንግዶቻቸው ሳሙና እንደሚፈልጉ ሰማሁና ይዤ ወረድኩ። አገላብጠው አዩት፤ ስፌቱን ሳይቀር ምንድን ነው ብለው ጠየቁኝ። ከዚያ በወሩ አንድ ፎርማ ሙሉ አምጪ፣ ከወደድኩት ዓመቱን ሙሉ ካንቺ ነው የምወስደው አሉኝ። የባለቤቴ መድኃኒትና የልጆቼ ቁራሽ በዚያች ቃል ላይ ተንጠለጠለ።

ደስታዬን ለማን ልንገር? ለሰዓዳ ነገርኩ። አብሽሪ አለችኝ። ግን የአልጋ ቤት እንግዳ የጨርቅ ምልክት ያለበት ሳሙና አይወድም፣ ልሙጥ መሆን አለበት አለች። ፎርማውን በሚያብለጨልጨው የአልሙኒየም ወረቀት ሸፍኚው ብላ ጥቅልሉን ራሷ ገዝታ አመጣችልኝ። ጨርቆቹን ደግሞ ሞራ ጠጥተዋል፣ ቀቅዬ አጥቤ እመልስልሻለሁ ብላ ወሰደቻቸው። እኔ ሞኟ መረቅኳት።

ያጠራቀምኩትን ሞራ ሁሉ አቅልጬ ሁለቱንም ፎርማ ሞላሁ። ብዙም ሳይቆይ ይንተከተክ ጀመር። አረፋው በጠርዙ ገነፈለ፣ ጉሮሮ የሚቧጥጥ ሽታ ቤቱን ሞላው። ባለቤቴን ደግፌ ደጅ አወጣሁት። በነጋታው ሳየው ወረቀቱ ተበልቶ አልቋል፤ ጠቆር ያለ ዝቃጭ እንጨቱ ላይ ተጣብቆ ቀርቷል። ኮስቲክ አልሙኒየም እንደሚበላ ከየት ልወቅ? ሰዓዳ ደረቷን እየመታች አብራኝ አለቀሰች። ነሲብሽ አይደለም፣ አልተጻፈልሽም አለችኝ።

ወሩ ሲደርስ ሐጂን ጊዜ ይስጡኝ ልላቸው ወረድኩ። መታጠቢያው ላይ አዲስ ሳሙና ተቀምጧል። አነሳሁት። የእናቴ ስፌት፣ ያው የስንዴ ዛላው፣ ፊቱ ላይ ታትሟል።

«ያንቺው አይደል እንዴ?» አሉኝ ሐጂ፣ ግራ ገብቷቸው።

ሰዓዳ ከእኔ ተልካ እንደመጣች ነግራቸዋለች። «ባሏ ስለጠናባት ሥራውን ለእኔ ትታዋለች» ብላቸዋለች። እሳቸውም ምልክቱን ሲያዩ አመኗት። ምን ልበላቸው? ሰው ፊት ጎረቤቴን ማዋረድ አልሆነልኝም፤ ሳሙናውን እንደያዝኩ ወጣሁ። ሚኒባሱ የሐረጎን ዳገት እስኪወጣ ድረስ ለሰዓዳ ሰበብ ስፈልግላት ነበር። ደሴ ስንገባ ሰበቡ አለቀብኝ።

ቤቷ ገብቼ ሳሙናውን ፊቷ አስቀመጥኩት። አልካደችም።

«ወረቀቱን እንደሚበላው ታውቂ ነበር?» አልኳት።

«አንቺ ባል አለሽ» አለችኝ። «እኔ ማን አለኝ?»

ባል! ደግፌ የማስነሳውን፣ ደግፌ የማስተኛውን ባል። እሷው ራሷ ሾርባ ይዛለት የምትመጣውን ባል። ከቤቷ እንዴት እንደወጣሁ አላውቅም።

ሰው ይቅር በያት ይለኛል። ለቅሶ ቤት ስንገናኝ ሰላምታዋን እመልሳለሁ፤ እሱም ለአላህ ብዬ ነው። ሥራውን በሌላ በኩል እንደምንም ጀምሬ ቆሜያለሁ፤ ዛሬ የማነጥፈው አቡጀዲ ነው። የሐጂን ሥራ ትውሰደው፣ ሞራዬም ይቅርብኝ። የእናቴን ነጠላ ግን አጥቤ እመልስልሻለሁ ብላ ነው የወሰደችው። እስከ ዛሬ አልመለሰችልኝም።