ሁለት ሜትር ለመስኮት

ውድነሽን የማያውቅ ሰው ሚዛን ገበያ ኮረሪማ ገዝቶ አያውቅም ማለት ነው። ወላጆቿ ከጉራጌ አገር መጥተው ጌጫ ላይ ሱቅ ከፍተው ነበር፤ እሷ ደግሞ ባሏ ከሞተ በኋላ ወደ ሚዛን መጥታ ኮረሪማ፣ ጥምዝና ሌላም ቅመም እየሸጠች ትኖራለች። ምላሷ ስለት ነው። ዋጋ የሚከራከራትን ሁሉ "አሽትተህ ብቻ ልትሄድ ነው?" ትለዋለች። እኔ ጎረቤቷ የሆንኩት በቤት ማህበራችን ነው።

ማህበሩን ያቋቋምነው በኪራይ ቤት የተንገላታን ነጋዴዎችና አስተማሪዎች ነን። መሬቱን ከማዘጋጃ ቤት ካገኘን በኋላ ግንበኛ የቀጠርነው ከፈለኝ የሚባለውን ብቻ ነው፤ የቀረውን ሥራ በደቦ እየተረዳዳን ቤቶቹን በየተራ ሠራን። ተራው የውድነሽ ሲሆን ሐሳቧ አንድ ብቻ ነበር፤ ጌጫ ብቻቸውን የቀሩትን እናቷን ማምጣት። የእማማ አስካለች ጉልበት ከድቷቸዋል፤ ውሃ የሚቀዳላቸው ሰው እንኳ የለም። ግን ግትር ናቸው። "የራሴ ክፍል፣ የራሴ መስኮት ካልኖረኝ አልመጣም። በሰው ጓዳ አልተኛም" ብለው መልእክት ልከዋል።

በሌላ ጎኗ የሚያዋስናት ሸምሱ ቤቱን ቀድሞ ሲሠራ ከወሰኑ በራሱ በኩል ሁለት ሜትር ትቶ ነበር። እኛ ባደግንበት ገጠር በሁለት ቤት መካከል ያለ መተላለፊያ የጋራ ነው፤ አንዱ ከተወ ሌላው እንዲተው አይጠበቅበትም። ስለዚህ ግንበኛው ከፈለኝ ገመዱን ልክ ወሰኑ ላይ ወጠረ፣ እኛም ድንጋይ አቀበልነው። የእማማ አስካለች ክፍል በዚያ በኩል ነበር፤ መስኮቱ ወደ ሸምሱ ግቢ እንዲያይ ታስቦ።

ግድግዳው ወገብ ሲደርስ የማዘጋጃ ቤቱ የግንባታ ተቆጣጣሪ ጴጥሮስ በሞተር ብስክሌት መጣ። ሜትሩን ዘርግቶ ከሸምሱ ቤት እስከ አዲሱ ግድግዳ ለካ። 

"እትዬ ውድነሽ፣ በዚህ ግድግዳ መስኮት ማውጣት አይቻልም። መስኮት ከፈለጉ እርስዎም ከወሰኑ ሁለት ሜትር መተው አለብዎት።"

"ሸምሱ ትቶ የለም እንዴ? ክፍተቱ ያው!"

"እሱ የተወው የራሱን ነው። እሳት ቢነሳ በዚህች ክፍተት አይቆምም። ነገ ደግሞ እሱም እንደ እርስዎ ወሰኑ ላይ ድፍን ግድግዳ ቢያቆም መስኮትዎ ምን ያያል?"

"እኔ እንዲህ አላደርግባትም። ከፈለግህ እፈርማለሁ" አለ ሸምሱ።

"ሸጠህ ብትሄድስ?" አለው ጴጥሮስ።

 ሰውየውን ልጠላው ፈልጌ ነበር፤ እውነቱን ስለሆነ አልቻልኩም።

ግድግዳው ሁለት ሜትር ወደ ውስጥ ቢገባ ክፍሉ አልጋ የማይዝ ኮሪደር ይሆናል። ባለበት ከቀጠለ ድፍን ጨለማ ነው። ውድነሽ የተጀመረው ግድግዳ ላይ ተቀመጠች።

"ከፈለኝ፣ ድፈነው" አለች።

እማማ አስካለች ሰኔ ላይ መጡ። ውድነሽ ለራሷ አስባው ወደነበረው፣ መንገድ ዳር ወዳለው ክፍል አስገባቻቸው። መስኮቱ ሰፊ ነው፤ ወደ ገበያ የሚወርደው ሰው ሁሉ ይታያል። ደስ አላቸው። ዕቃቸውን እያስገባን ሳለ ዞር አሉና፣

"አንቺስ የት ነው የምትተኚው?" አሏት።

ወደ ድፍኑ ክፍል ጠቆመች። እማማ ብቻቸውን ገብተው በሩን ከውስጥ ዘጉት። ሲወጡ ፊታቸው ተለውጧል።

"ጨለማ ነው።"

"ስተኛ ዓይኔን እጨፍን የለ፣ እማዬ?"

እኔ ሳቅሁ፤ እሳቸው አልሳቁም። "አንተ፣ ከመሳቅ ይልቅ ና አልጋዋን አውጣልኝ" አሉኝ።

"የራሴ ክፍል ካልኖረኝ ብለሽ አልነበር እንዴ?" አለች ውድነሽ።

"ብያለሁ። ልጄ በጓዳ ትተኛ ግን አላልኩም።"

ሁለቱን አልጋዎች ከመስኮቱ ሥር ጎን ለጎን አደረግናቸው። ለገበያተኛው ሁሉ መልስ የማታጣው ውድነሽ ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና አለቀሰች። በድፍኑ ክፍል አሁን የሚያድረው ኮረሪማው ነው።