ስኳር የተጠቀለለበት ጅማሬ

ፈትያ ፊደል የቆጠረችው ሃምሳ ዓመት ካለፋት በኋላ ነው። ታቦር ተራራ ሥር ካለችው ሱቋ ፈንጠር ብሎ በሚገኝ አዳራሽ የጎልማሶች ትምህርት ሲከፈት፣ በልጇ ዕድሜ ባለ መምህር ፊት አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣ ጀመረች። ከዚያ ወዲህ እጇ የገባ ጽሑፍ ሳይነበብ አይወጣም። ስኳር፣ ምስርና ሻይ ቅጠል የምትጠቀልለው በኪሎ በምትገዛው አሮጌ ወረቀት ስለሆነ፣ ደንበኞቿ ዕቃቸውን የሚቀበሉት እሷ መጠቅለያውን አንብባ ስትጨርስ ነው።

«እማማ ፈትያ፣ ስኳሩን ዛሬ ይስጡኝና ዜናውን ነገ ይነግሩኛል» ይላታል ጎረቤቷ፣ የወፍጮ ቤቱ ደምሴ።

«ዝም በል! አንድ ቃል ነው የቀረኝ።»

ከስልጤ አገር ለሙሽርነት ወደ ሐዋሳ ስትመጣ ልጅ እግር ነበረች። ባሏን እዚሁ ቀበረች፤ ልጆቿንም ከዚህችው ሱቅ አሳድጋ ዳረች። ሰው የሚያውቃት በሳቋ ነው። ውስጥ ውስጡን ግን ፈሪ ናት። ስድስት ዓመቷ ላይ እናቷ በወሊድ ስትሞት፣ ሰዎቹ «ተኝታለች፤ እንዳትቀሰቅሺያት» ብለዋት ነበር። እሷም ድምፅ ሳታሰማ ደጅ ላይ ስትጠብቅ ዋለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ፣ የተኛ ሰው ባየች ቁጥር ደረቱ ከፍ ዝቅ ማለቱን ሳታረጋግጥ አታልፍም።

ከሚሌኒየሙ በዓል በኋላ፣ መብራት በፈረቃ በሆነበት ዓመት፣ ከአዲስ አበባ በመጣ የወረቀት እስር ውስጥ በሥዕል የተሞላ መጽሐፍ ወጣ። ጽሑፉ የፈረንጅ ስለሆነ ማንበብ አልቻለችም፤ ማንበብ ያልቻለችው ነገር ደግሞ አላሳዘናትም። ከፊት ጀምራ ገጽ በገጽ እየቀደደች ስኳር ጠቀለለችበት። ሲሶው ያህል ካለቀ በኋላ ኢያኤል ደረሰች።

ኢያኤል የጎረቤቷ የታቢታ ልጅ ናት፤ ስምንት ዓመቷ ነው። አባቷ ባለፈው ክረምት ማብቂያ በሻሸመኔ መንገድ በመኪና አደጋ ሞቷል። እሱ ሲቀበር ታቢታ ማርገዟን ገና አላወቀችም ነበር። አሁን ሆዷ ገፍቷል፤ ቢሮ ጽዳት ትሠራለች። ልጅቷ ከትምህርት ቤት ስትመለስ፣ እናቷ እስክትመጣ የምስር ጆንያ ላይ ተቀምጣ ከፈትያ ጋር ትቆያለች።

«እማማ ፈትያ! ምን እያደረጉ ነው? ይሄ እኮ ኮሚክ ነው፣ በሥዕል የሚነገር ታሪክ!»

«ወረቀት ነው።»

«ጅማሬውስ?»

«ስኳር ተጠቅልሎበት ሄዷል።»

«ወደ ማን ቤት?»

«እኔ እንጃ፤ ሰፈሩን ሁሉ ደርሶታል።»

ልጅቷ ከጆንያው ላይ ወርዳ የቀረውን መጽሐፍ በሁለት እጇ አቀፈችው። «እንግዲህ ጀግናው ኃይሉን ከየት እንዳገኘው አናውቅም ማለት ነው» አለች በሐዘን። ከዚያም ለፈትያ እንደ መምህር አስረዳቻት፦ እንዲህ ያሉ ጀግኖች ኃይል ይዘው አይወለዱም። እንደ ማንም ሰው ነበሩ። መጀመሪያ አንድ ነገር ይደርስባቸዋል፤ ከዚያ በኋላ ነው የሚበሩት።

የቀረው መጽሐፍ የሚጀምረው ከመቃብር ነበር። ሁለት የሬሳ ሣጥኖች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል፤ አንድ ልጅ ዝናብ እየመታው ብቻውን ቆሟል። ከዚያ ቀጥሎ መብረቅ እጁ ላይ ሲወርድ ይታያል። ከዚያ ወዲያ እጁ ያበራል፣ ብረት ያቀልጣል፣ ሌባ ያሯሩጣል። የሰፈሩ ልጆች ስሙን ማንበብ ስላልቻሉ «እጀ መብረቅ» አሉት፤ እየተጋፉም ሥዕሉን ያዩ ጀመር።

ፈትያ ልጆቹን አይታ ደስ አላት። ያንን የመጀመሪያውን ሥዕል ግን አልወደደችውም። ኢያኤል ብቻዋን ስትሆን ሣጥኖቹን በጣቷ ስትዳብስ አይታታለች።

ሚያዝያ ገባ፤ ዝናብ ጣለ። አንድ ቀን ከሰዓት መብራት በመጣ ጊዜ፣ ኢያኤል የእናቷን የእህል ዕቃ ልታነሳ ወደ ወፍጮ ቤቱ ሄዳ እርጥቡን የቆርቆሮ በር ያዘች። የተላጠ ሽቦ ቆርቆሮውን ነክቶት ነበርና ኮረንቲ መታትና ወደ ኋላ ወረወራት።

ፈትያ ከሱቋ እንዴት እንደወጣች አታስታውስም። ሚዛኑን ገልብጣው ነበር። ደምሴ ቆጣሪውን አጥፍቶ ሲሮጥ መጣ። ልጅቷ ዓይኗን ገልጣለች፣ ግን አትናገርም። «አፈር! እጇን አፈር ውስጥ ክተቱት፣ ኮረንቲውን ይስበዋል!» አለ አንድ መንገደኛ። ሁለት እጇን እስከ ክንዷ በእርጥብ አፈር ቀበሩላት። ፈትያ አጠገቧ ተንበርክካ ደረቷን ብቻ እያየች ቆየች፤ ከፍ፣ ዝቅ፣ ከፍ፣ ዝቅ።

ልጅቷ በመጨረሻ «በረደኝ» ስትል ሰው ሁሉ ሳቀ። ልጆቹም ተንጫጩ፦ «እጀ መብረቅ! ኢያኤል እጀ መብረቅ ሆነች! ወደዚያ፣ እንዳትነኪን! ትገድለናለች!» ደምሴ ሳይቀር ድንጋጤው ሲለቀው ሳቀ፤ በማግስቱም ሽቦውን ጠገነ። ኢያኤል ብቻ አልሳቀችም።

ከዚያ በኋላ ፈትያ ማየት ጀመረች። ልጅቷ እጇን ሹራቧ ውስጥ ደብቃ ትመጣለች። ከረሜላ ሲሰጧት «እዚያ ላይ ያስቀምጡልኝ» ትላለች። ሰላም ስትባል አንገቷን ትሰብራለች እንጂ እጅ አትሰጥም። ጥፍሮቿ ሥር ሁልጊዜ ጥቁር አፈር አለ። አንድ ቀን ፈትያ ከሱቁ ጀርባ ብትሄድ፣ ልጅቷ ተንበርክካ እጆቿን አፈር ውስጥ ቀብራ አገኘቻት። ልትጠይቃት አፏን ከፍታ ተወችው። ከልጅቷ አፍ የሚወጣውን መልስ ፈራችው።

ታቢታም አዝና ነበር። «አኩርፋኛለች፣ እማማ ፈትያ። ፊት ሕፃኑ ሲራገጥ ጆሮዋን ሆዴ ላይ ለጥፋ ትስቅ ነበር። አሁን አልጋው ጫፍ ላይ ጥቅልል ብላ ነው የምትተኛው። የአባቷ ሐዘን ገና አሁን መጣባት መሰለኝ።»

«ተያት፣ ይወጣላታል» አለች ፈትያ። አላመነችበትም።

በዚያ ሳምንት ቅዳሜ ጠዋት፣ ቀኗ ሳይደርስ ታቢታን ምጥ ያዛት። ከቤተ ክርስቲያን ጓደኛዋ ከወንጌላዊት ጋር በሰፈሩ ልጅ በኩማ ባጃጅ ወደ ቡሹሎ ጤና ጣቢያ ተነሱ። ታቢታ ከባጃጁ ውስጥ እጇን ወደ ልጇ ዘረጋች። ኢያኤል ሁለት እጆቿን ከኋላዋ አጣመረች። ባጃጁ ተንቀሳቀሰ፤ የታቢታ እጅ ጥቂት እንደተዘረጋ ሄደ።

እኩለ ቀን ላይ ኩማ ብቻውን ተመለሰ። ቀልደኛ ልጅ ነው፤ ያን ዕለት ግን ከባጃጁ ወርዶ ወደ ፈትያ ጆሮ ጎንበስ አለ።

«ተገላግላለች። ሕፃኑ ደህና ነው። እሷን ግን ደም በዝቶባታል። ሐኪሞቹ እየታገሉ ነው። ‹ልጄን አምጡልኝ› ትላለች።»

ያ የድሮው ደጅ ፈትያ ፊት ድቅን አለ፤ «ተኝታለች» የሚለው ድምፅ። ዞር ስትል ኢያኤል ተቀምጣበት የነበረው የምስር ጆንያ ባዶ ነው።

«ኢያኤል! አንቺ ኢያኤል!»

ከሱቁ ጀርባ የለችም። ፈትያ ወደ ወፍጮ ቤቱ ዞረች። መብራት ስለሌለ ወፍጮው ዝም ብሏል፤ ሰው የለም። ልጅቷ የቆርቆሮው በር ፊት ቆማለች። ሹራቧን አውልቃለች። ሁለት መዳፎቿን ቆርቆሮው ላይ ለጥፋ፣ ዓይኗን ጨፍና ትጠብቃለች። የሰፈሩ ተራ ደርሷል፤ መብራት አሁን ይመጣል።

ደምሴ ሽቦውን መጠገኑን ፈትያ ታውቃለች። ግን እሱን ማን ያምናል? በዚያች ቅጽበት የሰው ሥራ ምን ያስተማምናል?

«አይንኩኝ!» ብላ ጮኸች ልጅቷ። «እማማ፣ አይንኩኝ! ይሞታሉ!»

ፈትያ በሁለት እጇ ወገቧን ይዛ ጎተተቻት። አብረው መሬት ላይ ወደቁ። ልጅቷ እየታገለች፣ እጆቿን ከሰውነቷ አርቃ ወደ ላይ ይዛ ታለቅሳለች። ወዲያው መብራት መጣ፤ ከመንገዱ ማዶ ሬዲዮ ጮኸ፣ አምፖሎች በሩ። ፈትያ አጥብቃ እንደያዘቻት ቀረች።

«ምን ልታደርጊ ነበር? ንገሪኝ፣ የኔ ልጅ።»

«ልመልሰው ነበር። አፈሩ አልወሰደልኝም። በመጣበት ይመለስ ብዬ ነው።»

«ምኑ?»

«ኃይሉ።» ልቅሶዋ ቃሏን ይቆራርጠው ነበር። «መጽሐፉ ላይ ሣጥኑ ሁለት ነው። የአባባ አንድ ነው። አንድ ይቀራል።»

ልጅቷ ስትዳብሰው የከረመችው ሥዕል ይኸው ነበር። ለካስ እናቷን የሸሸችው አኩርፋ አልነበረም፤ እንዳትገድላት ብላ ነው።

«ስሚኝ» አለች ፈትያ፤ መላ ፈለገች። «በመጽሐፉ ሣጥኖቹ ይቀድማሉ፤ መብረቁ ኋላ ነው የመጣው። ኃይሉ አይደለም እናትና አባቱን የገደለው። ያኔ ኃይል ቢኖረውማ ባዳናቸው ነበር።»

ኢያኤል ዓይኗን ጠርጋ አየቻት። «ከፊቱ ምን እንደነበረ እንዴት ያውቃሉ? እርስዎ ቀድደውታል እኮ።»

እውነት ነው፤ ጅማሬው ስኳር ተጠቅልሎበት ሄዷል። ከዚያ በፊት ምን እንዳለ ማንም አያውቅም። ፈትያ «እናትሽ ትድናለች» ብላ ልትምልላት ፈለገች፤ ምላሷ እምቢ አለ። ልጅ ሆና የዋሿትን አስታወሰች።

«አላውቅም» አለች። «እናትሽ ታማለች፤ ደም ፈሷታል። እንዴት እንደምትሆን አላህ ነው የሚያውቀው። ግን ትፈልግሻለች። ደጅ ላይ አልተውሽም፤ አብረን እንሄዳለን።»

ሱቁን ለደምሴ ትታ ባጃጅ ውስጥ ገቡ። ልጅቷ ሹራቧን ለብሳ እጇን ውስጡ መለሰች። ፈትያ የራሷን እጅ በእጅጌው አስገብታ ፈልጋ ያዘቻት፤ በላብ የራሰች ትንሽ እጅ ናት። ኩማ በመስታወቱ አይቷቸው፣ «ኢያኤል፣ እስቲ ሞተሩን ንኪልኝ፤ ቤንዚን ልቆጥብ» አለ።

«አፍህን ዝጋ!» አለችው ፈትያ።

ጤና ጣቢያው ኮሪደር ላይ ወንጌላዊት ሕፃኑን አቅፋ ትጸልያለች። ነርሷ «ደሙ ጋብ ብሏል፤ ግን ገና ነው፤ እንዳታደክሟት» ብላ አስገባቻቸው። ታቢታ እንደ ነጠላዋ ነጥታ ተኝታለች፤ ክንዷ ላይ ጉሉኮስ ተሰክቷል። ፈትያ መጀመሪያ ያየችው ደረቷን ነው። ከፍ አለ። ዝቅ አለ። ቀስ ብሎ ነው እንጂ አለ።

ኢያኤል ደጃፉ ላይ ቆመች።

«ነይ እንጂ፣ ኢያዬ» አለች ታቢታ፤ ድምፅዋ እምብዛም አይሰማም።

ልጅቷ በእምቢታ ራሷን ነቀነቀች።

«ከታቦር እስከ ቡሹሎ እጅሽን ይዤ መጥቻለሁ» አለቻት ፈትያ። «እይኝ። ምን ሆንኩ?»

«እርስዎ እናቴ አይደሉም።»

ፈትያ የልጅቷን እጅ በግራዋ እንደያዘች ወደ አልጋው ጠጋ ብላ፣ በቀኟ የታቢታን እጅ አነሳች። ቀዝቅዟል።

«እንግዲያስ በእኔ በኩል ይለፍ» አለች። «የሚያልፍ ነገር ካለ እኔን ያገኛል። አሮጊት ነኝ፤ እችለዋለሁ።»

ኢያኤል ትንፋሿን ውጣ እናቷን አየች። ታቢታ ምን እየሆነ እንዳለ አልገባትም፤ ግን በደከመ አቅሟ የፈትያን እጅ ጨበጥ አደረገች። ፈትያ ያንኑ ጭብጥ በግራዋ ለልጅቷ አቀበለቻት። ታቢታ ደግማ ጨበጠች፤ ፈትያ ደግማ አቀበለች። ኢያኤል አንድ እርምጃ ቀረበች። የፈትያን እጅ ሳትለቅ፣ ሌላውን እጇን ከእጅጌው አወጣች፤ በአንዲት ጣቷ የእናቷን ጥፍር ነካች። ወዲያው መልሳ ሰበሰበችው። ጠበቀች። ከዚያ መዳፏን ሙሉ አኖረች።

ፈትያ ግን የታቢታን ደረት ማየቷን አላቆመችም፤ ያን ዕለትም፣ በማግስቱም፣ ታቢታ በእግሯ ወደ ቤቷ እስክትመለስ ድረስ።

አሁን ሱቁ ውስጥ በሥዕል የተሞላ መጽሐፍ በወረቀት እስር ውስጥ ከመጣ አይቀደድም፤ ከላይ መደርደሪያው ላይ ይቀመጣል። ኢያኤል ጆንያው ላይ ተቀምጣ ወንድሟን ጉልበቷ ላይ ታጫውተዋለች። ፈትያም መብራት መጥቶ የደምሴ ወፍጮ ማጓራት ሲጀምር፣ ሚዛኑን ትታ ቀና ትላለች፤ ወደ ጆንያው ታያለች፤ ልጅቷ እዚያው መኖሯን ካረጋገጠች በኋላ ነው ስኳሩን የምትጠቀልለው።